ስክሪኑ ሲጠቁር፦ «ፎርማት» ከማስደረጋችሁ በፊት

 

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ዶርም ውስጥ ብዙ የሚያስደነግጥ ወሬ ይሰማል። ከሁሉም የሚብሰው «ኮምፒውተሬ ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው» የሚለው ነው። ከጎን የሚመጣው ምክርም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «በቃ ፎርማት አስደርገው!» ይባላል። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ፎርማት ሲደረግ ዲስኩ ይጸዳል። ምዕራፍ ሦስት፣ ከመስክ ያመጣችሁት መረጃ፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የጻፋችሁት ኮድ አብሮ ይሄዳል። የሚያሳዝነው ደግሞ ስክሪን በጠቆረ ቁጥር ዲስኩ ላይ አንዳች ነገር ደረሰ ማለት አለመሆኑ ነው። ብዙውን ጊዜ ጽሑፋችሁ በቦታው አለ፤ የተቋረጠው ምስሉ ከኮምፒውተሩ እስከ ዓይናችሁ የሚመጣበት መንገድ ነው። የት ላይ እንደተቋረጠ መለየት ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ነው። ምሳሌዎቹ ከኡቡንቱ የተወሰዱ ናቸው፤ ሚንት ወይም ዴቢያን ያላችሁም አብዛኛውን እንዳለ መውሰድ ትችላላችሁ። የትዕዛዞቹን ስም ለጓደኛ በስልክ እንደምንነግረው በድምፁ አስቀምጬዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሹ ነው የሚጻፉት።

ምስሉ የሚያልፍባቸው በሮች

ማብሪያውን ስትጫኑ መጀመሪያ ስክሪኑን የሚይዘው ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የመጣው ፕሮግራም ነው። በድሮው አጠራር ባዮስ፣ በአዲሶቹ ማሽኖች ዩኢኤፍአይ ይባላል። የአምራቹን አርማ የሚያሳየን እሱ ነው። ከዚያ ግራብ የሚባለው አስነሺ ይመጣል፤ የትኛው ሲስተም በየትኛው ከርነል እንደሚነሳ የሚመረጠው እዚህ ላይ ነው። ግራብ ሥራውን ለሊኑክስ ከርነል ያስረክባል፤ ከርነሉም የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር ጭኖ የስክሪኑን መጠን ራሱ ያዘጋጃል። ይህ ሥራ ወደ ከርነሉ መግባት የጀመረው በ2009 በወጣው 2.6.29 ስሪት፣ በኢንቴል ካርዶች ነው። በመጨረሻ መስኮቶቹን የሚስለው ሰርቨር ይነሳል፤ እሱም ወይ ኤክስኦርግ ነው ወይ ዌይላንድ። ኤክስ በ1984 በኤምአይቲ የተጀመረ ሽማግሌ ነው፤ ዌይላንድ ደግሞ እሱን ለመተካት በ2008 የተጀመረ ነው። የይለፍ ቃል የምትጽፉበት ገጽ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

እንግዲህ ራሳችሁን መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «እስከ የት ድረስ አየሁ?» የሚል ይሁን። የአምራቹ አርማ እንኳ ካልታየ ሊኑክስን አትውቀሱት፤ ገና ተራው አልደረሰም። አርማው ታይቶ ከዚያ በኋላ ከጠቆረ ኬብሉም ሞኒተሩም በመሠረቱ ይሠራሉ ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ከርነሉና ወደ ድራይቨሩ ይዞራል። የይለፍ ቃል ገጹ መጥቶ፣ ቃሉን ስታስገቡ መልሶ ወደዚያው ገጽ የሚያመጣችሁ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከነጭራሹ የስክሪን ችግር ላይሆን ይችላል። ሦስቱም «ስክሪኑ እምቢ አለ» እየተባሉ ይነገራሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የማይገናኝ ነው።

ምንም ካልታየ

የሞኒተሩን የራሱን የሜኑ ቁልፍ ተጫኑ። ሜኑው ከወጣ ሞኒተሩ ሕያው ነው። «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ካሳያችሁም እንዲሁ ነው፤ እኔ ነቅቻለሁ፣ የሚደርሰኝ ነገር ግን የለም ማለቱ ነው። ሞኒተሩ ሁለት ሦስት መግቢያ ካለው የተመረጠው መግቢያ ኬብሉ ከተሰካበት ጋር አንድ መሆኑን ከዚያው ሜኑ ላይ አረጋግጡ። ኬብሉ ኤችዲኤምአይ ላይ ተሰክቶ ሞኒተሩ ቪጂኤ ላይ የሚጠብቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ላብ ውስጥ ያሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይ ከሁሉ በፊት ልታዩት የሚገባ ነገር አለ። ማሽኑ ተጨማሪ የግራፊክስ ካርድ ካለው ከኋላ ሁለት ቦታ የስክሪን መሰኪያ ታያላችሁ፤ አንዱ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ካርዱ ላይ። በብዙ ማሽኖች ካርድ ሲገባ የማዘርቦርዱ መሰኪያ በራሱ ይዘጋል። ኬብሉን ወደ ካርዱ ማዛወር ብቻ ብዙ «የሞቱ» ኮምፒውተሮችን ያስነሳል።

ቪጂኤ ኬብል ከሆነ ነቅላችሁ ጫፉን ተመልከቱ። አሥራ አምስት እግሮች አሉት፤ የተጣመመ ካለ በጥንቃቄ አቅኑት። በብዙ ኬብሎች 9ኛው እግር ከፋብሪካው ጀምሮ የለም፣ አይደንግጣችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት እግሮች ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለምን ለየብቻ ይሸከማሉ። ቀዩ ከተቋረጠ ስክሪኑ ውሃ ሰማያዊ፣ አረንጓዴው ከተቋረጠ ሐምራዊ፣ ሰማያዊው ከተቋረጠ ቢጫ ይመስላል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መግሪብ ሲደርስ ብቻ ስክሪኑ ቢጫ የሚሆንባችሁ ከሆነ ኬብሉን ተዉት። ያ «ናይት ላይት» የሚባለው ቅንብር ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በርቶ ስትወጣ ይጠፋል። የኬብል ችግር የአምራቹ አርማ ላይም ይታያል፣ ናይት ላይት ግን እዚያ አይደርስም።

ላፕቶፕ ከሆነ ክፍሉን አጨልሙና የስልክ ባትሪ መብራት በማዕዘን ስክሪኑ ላይ አብሩበት። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታያችሁ ስክሪኑ ምስል እየሠራ ነው፤ የጠፋው ከኋላው የሚያበራው መብራት ነው። እሱ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ሲስተም መቀየር ምንም አይጠቅመውም። እስኪጠገንም ላፕቶፑን ከውጭ ሞኒተር ጋር አያይዛችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

አርማ የለም፣ ሌላ ሞኒተርና ሌላ ኬብልም ተሞክሯል? እንግዲያው ኮንሴንቱን ንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ራሙን አውጥታችሁ መልሳችሁ አጥብቃችሁ ክተቱ። የላላ ራም ማሽኑ ማራገቢያው እየዞረ ምንም እንዳያሳይ ያደርጋል። ከዚህ ያለፈው የሃርድዌር ጥገና ስለሆነ ወደ ሌላው በር እንለፍ።

አርማው ታይቶ ከጠቆረ

በሊኑክስ ላይ ጭንቀቱ የሚበዛው እዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው አፕዴት ከተደረገ በኋላ ወይም አዲስ ድራይቨር በተጫነ ማግስት ነው።

በመጀመሪያ ማሽኑ በሕይወት መኖሩን ፈትሹ። የካፕስ ሎክ ቁልፍን ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ትንሿ መብራት እየበራች እየጠፋች ከታዘዘች ከርነሉ እየሠራ ነው። ከዚያ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 3ን በአንድነት ተጫኑ። ጥቁር ገጽ ላይ በነጭ ጽሑፍ የመለያ ስም ከጠየቃችሁ ደስ ይበላችሁ፤ የተሰናከለው የመጨረሻው በር ብቻ ነው ማለት ነው። ስማችሁንና የይለፍ ቃላችሁን ጽፋችሁ መግባት ትችላላችሁ። ቃሉን ስትጽፉ ኮከብ እንኳ አይታይም፤ ቁልፉ የማይሠራ መስሏችሁ አትተዉት። ወደ ግራፊክሱ ገጽ ለመመለስ ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2ን ከእነዚያው ሁለት ቁልፎች ጋር ሞክሩ።

ማሽኑን ማጥፋት የግድ ከሆነ መሰኪያውን ከመንቀል የተሻለ መንገድ አለ። ኦልትንና የፕሪንት ስክሪን ቁልፍን ይዛችሁ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ ፊደሎችን በየተራ፣ በመሃል ጥቂት ሰከንድ እየጠበቃችሁ ተጫኑ። ኤስ ያልተጻፈውን ዳታ ወደ ዲስኩ ይልካል፣ ዩ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ያደርገዋል፣ ቢ ማሽኑን እንደገና ያስነሳል። ኡቡንቱ ሲመጣ እነዚህን ሦስቱን ፈቅዶ ነው።

የጽሑፍ ገጹም እምቢ ካለ ወደ ግራብ እንሂድ። ማሽኑ ሲነሳ በድሮው ባዮስ ሺፍትን ይዛችሁ ቆዩ፣ በዩኢኤፍአይ ደግሞ አርማው እንዳለፈ ኢስኬፕን አንድ ጊዜ ጫን አድርጉ። ደጋግማችሁ ከተጫናችሁት ባዶ የትዕዛዝ መስመር ላይ ይጥላችኋል፤ ያኔ «ሪቡት» ብላችሁ ጽፋችሁ እንደገና ጀምሩ። ሜኑው ሲወጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ክፈቱ። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን ያለፈውን ስለሚያስቀር ከአንድ በላይ ቁጥር ታያላችሁ። ከላይ ያለው አዲሱ ነው፤ ሁለተኛውን መርጣችሁ አስነሱ። ትናንት የሠራው ዛሬም ከሠራ፣ ችግሩ በአዲሱ ከርነልና በካርዱ ድራይቨር መካከል መሆኑን አገኛችሁት። ሥራችሁን ጨርሱ፤ ድራይቨሩን ከማስረከቢያው ቀን በኋላ ታስተካክሉታላችሁ።

አሮጌው ከርነልም ካልሠራ ያ ታዋቂው ቃል ይመጣል፦ «ኖሞድሴት»። በግራብ ሜኑ ላይ ኡቡንቱ የሚለውን መስመር እንደመረጣችሁ ኢ ፊደልን ተጫኑ። ከሚወጣው ጽሑፍ ውስጥ «ሊኑክስ» በሚለው ቃል የሚጀምረውን መስመር ፈልጉ፤ መጨረሻው አካባቢ «ኳየት ስፕላሽ» የሚሉ ቃላት አሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ትታችሁ ኖሞድሴት ብላችሁ ጻፉና ኮንትሮልና ኤክስን ወይም ኤፍ 10ን ተጫኑ። ይህ ቃል ለከርነሉ «የካርዱን ልዩ ድራይቨር ተወው፣ ማሽኑ ራሱ በሰጠህ ተራ ምስል ሥራ» ይለዋል። ምስሉ ሻካራ ሊሆን፣ የብርሃን ማስተካከያው ላይሠራ፣ ሁለተኛ ሞኒተር ላይታይ ይችላል፤ ግን ትገባላችሁ። የጻፋችሁት ለዚያች አንድ መነሳት ብቻ ስለሆነ የምታበላሹት ነገር የለም። አንዳንዶች ይህን ቃል ለዘለቄታው አስገብተውት ለወራት በዝግተኛ ስክሪን ይሠራሉ። ኖሞድሴት እንደ ምርኩዝ ነው፤ እግሩ ሲድን ይጣላል።

ፋይሉ ይቅደም

ድራይቨር ወደ ማስተካከል ከመሄዳችሁ በፊት፣ በተለይ ማስረከቢያው ነገ ከሆነ፣ መጀመሪያ ጽሑፋችሁን አውጡ። የሚያስፈልጋችሁ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽና የጓደኛ ኮምፒውተር ነው። ኡቡንቱን ፍላሹ ላይ አዘጋጁና ከእሱ አስነሱት። «ትራይ» የሚለውን ምረጡ እንጂ «ኢንስቶል» የሚለውን ፈጽሞ አትንኩ። ስክሪኑ እዚያም ከጠቆረ በመነሻው ሜኑ ላይ «ሴፍ ግራፊክስ» የሚል ምርጫ አለ፤ ያው ኖሞድሴት ነው። ከገባችሁ የፋይል መክፈቻው ላይ የኮምፒውተራችሁን ዲስክ ታገኙታላችሁ፤ ክፈቱት፣ «ሆም» ውስጥ ስማችሁ ያለበትን ፎልደር ወደ ሌላ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ዲስኩን ስትጭኑ በይለፍ ሐረግ ቆልፋችሁት ከሆነ ሐረጉን ይጠይቃችኋል።

ይህ ሥራ ሁለት ጥቅም አለው። ፋይሉ ይወጣል፤ በዚያው ደግሞ ምርመራ ይሆናል። ከፍላሹ ሲነሳ ያለ ምንም ልዩ ምርጫ ምስሉ ጥርት ብሎ ከመጣ ሞኒተሩ፣ ኬብሉና ካርዱ ሁሉም ደህና ናቸው፤ የተሳሳተው ዲስኩ ላይ ያለው ቅንብር ነው። ከፍላሹም ያው ጥቁር ከሆነ ፎርማት ብታስደርጉም ያው ጥቁር ይጠብቃችኋል። ብዙ ሰው ፎርማት አስደርጎ፣ ፋይሉን አጥቶ፣ ስክሪኑም ሳይመለስ የሚቀረው ለዚህ ነው።

የኤንቪዲያ ጉዳይና ሰማያዊው ገጽ

የኢንቴልና የኤኤምዲ ካርዶች ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ብዙ አያስቸግሩም። የኤንቪዲያ ካርድ ያላችሁ ግን ሁለት ምርጫ አላችሁ፤ ከከርነሉ ጋር የሚመጣው ኑቮ ወይም ከኩባንያው የሚመጣው። «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን መስኮት ከፍታችሁ «ሪኮሜንድድ» የተባለውን ብትመርጡ ይበቃል። ከተርሚናል ለሚመርጡ «ሱዱ ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ኢንስቶል» የሚለው ያንኑ ያደርጋል። ከኩባንያው ድረ ገጽ አውርዶ በእጅ መጫንን አልመክርም፤ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር የሚጠቁረው አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ቦታ አለች። ማሽኑ ላይ «ሴክዩር ቡት» የሚባለው ጥበቃ ከበራ፣ ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል አውጡ ትባላላችሁ። ሪስታርት ስታደርጉ ለጥቂት ሰከንድ ሰማያዊ ገጽ ይመጣና «ኤምኦኬ» የሚል ጽሑፍ ያሳያል። አብዛኛው ሰው ቫይረስ መስሎት ወይም ቸኩሎ «ኮንቲኒው ቡት» ብሎ ያልፈዋል። ያኔ ቁልፉ ስላልተመዘገበ ማሽኑ ድራይቨሩን አልቀበልም ይላል፤ ስክሪኑም ወይ ይጠቁራል ወይ ትልልቅ ሆኖ ይቀራል። ትክክለኛው «ኢንሮል ኤምኦኬ» የሚለውን መርጦ ቀድሞ የወጣውን የይለፍ ቃል ማስገባት ነው። ያመለጠው ሰው ድራይቨሩን እንደገና ቢጭን ገጹ ተመልሶ ይመጣል።

የይለፍ ቃል አስገብቶ መመለስ

ገጹ ይመጣል፣ ቃሉን ትጽፋላችሁ፣ ስክሪኑ ብልጭ ይልና መልሶ ያንኑ ገጽ ያመጣል። ሰው ሁሉ ግራፊክስ ካርዱን ይጠረጥራል። እኔ ግን መጀመሪያ ዲስኩን እጠረጥራለሁ። ዲስኩ ጢም ብሎ ከሞላ ዴስክቶፑ ሲነሳ ሊጽፋቸው የሚገቡ ትንንሽ ፋይሎች ቦታ ያጣሉና ይወድቃል። በኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 3 ገብታችሁ «ዲኤፍ -ኤች» ብላችሁ ጻፉ። በዝባዥ ሰረዝ ብቻ የተመለከተው ዋናው ክፍል 100 በመቶ ካለ ነገሩ ተገኘ። «ሱዱ ኤፒቲ ክሊን» የተጠራቀሙ የጭነት ፋይሎችን ያጠፋል፤ የእናንተን ሰነድ አይነካም። ከዚያ በኋላ ያወረዳችኋቸውን ቪዲዮዎችና የቨርቹዋል ማሽን ፋይሎች ራሳችሁ ለዩ። በኤክስኦርግ የምትሠሩ ከሆነ «ኤክስኦቶሪቲ» የሚባለው ድብቅ ፋይል ባለቤትነቱ ወደ ሩት ዞሮም ይህንኑ ያመጣል፤ ስሙን ለውጣችሁ እንደገና ግቡ፣ አዲስ ይፈጠራል።

ስክሪኑ አለ፣ ሁሉም ነገር ግን ትልልቅ ሆኗል

ሞኒተራችሁ 1920 በ1080 ሆኖ ሳለ ሊኑክስ ከ1024 በ768 በላይ አልሰጥም ሲል መነሻው አብዛኛውን ጊዜ መታወቂያ ነው። እያንዳንዱ ሞኒተር «ኢዲአይዲ» የሚባል ትንሽ መታወቂያ አለው፤ መሠረታዊው ክፍል 128 ባይት ብቻ ነው። ማን እንደሠራው፣ ምን ያህል መጠን እንደሚችል ለኮምፒውተሩ የሚናገረው በእሱ ነው። በቪጂኤ ኬብል ይህ መታወቂያ የሚያልፈው በ12ኛውና በ15ኛው እግር ነው። እነዚህ ከተሰበሩ ምስሉ በሌሎቹ እግሮች እየመጣ መታወቂያው ብቻ ይቀራል። ከርነሉም «የማላውቀው ሞኒተር ነው» ብሎ ማንም የማይጎዳበትን ዝቅተኛ መጠን ይመርጣል። ስለዚህ ድራይቨር ከመንካታችሁ በፊት ሌላ ኬብል ሞክሩ። በመሃል የገባ ርካሽ ማከፋፈያ ወይም ረጅም መቀጠያ ካለም አውጡት።

ኬብሉ ደህና ሆኖ አሮጌ ሞኒተር መታወቂያውን የማይሰጥ ከሆነ መጠኑን በእጅ መንገር ይቻላል፤ ግን በኤክስኦርግ ብቻ ነው። በምን እየሠራችሁ እንደሆነ «ሴቲንግስ» ውስጥ ስለ ሲስተሙ በሚናገረው ገጽ «ዊንዶዊንግ ሲስተም» የሚለው ይነግራችኋል። ዌይላንድ ካለ ከሲስተሙ ውጡና የይለፍ ቃል ገጹ ታችኛው ጥግ ላይ ካለችው ጥርስ ካላት ክብ ምልክት «ኡቡንቱ ኦን ኤክስኦርግ» የሚለውን ምረጡ። በ25.10 ስሪት ይህ ምርጫ ቀርቷል።

ከዚያ ተርሚናል ላይ «ኤክስ-አር-ኤ-ኤን-ዲ-አር» የሚለውን ትዕዛዝ ብቻውን ጻፉ፤ የተሰኩትን ስክሪኖች ስምና የሚችሉትን መጠን ይዘረዝራል። ቀጥሎ «ሲቪቲ -አር 1920 1080 60» ብላችሁ ጻፉ። ሲቪቲ «ሞድላይን» በሚል ቃል የሚጀምር የቁጥር ሰንሰለት ይሰጣችኋል። ያለ «-አር» ብትጽፉት 173 ሜጋኸርዝ፣ ከ«-አር» ጋር ደግሞ 138.5 ሜጋኸርዝ የሚፈልግ ስሌት ነው የሚሰጠው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ተራው ዲቪአይ መስመር ከ165 በላይ ስለማይሸከም የመጀመሪያው ጥቁር ስክሪን፣ ሁለተኛው ጥርት ያለ ምስል ሊሰጣችሁ ይችላል። ሰንሰለቱን በዚያው ትዕዛዝ «--ኒውሞድ» ብላችሁ አስመዝግቡ፣ «--አድሞድ» ብላችሁ ለስክሪኑ ስጡት፣ «--አውትፑት» ከስክሪኑ ስም ጋርና «--ሞድ» ከአዲሱ መጠን ጋር ብላችሁ ተግብሩት። ካልሆነላችሁ ወጥታችሁ ስትገቡ ይጠፋል፤ የሚቀር ጉዳት የለም።

በ«ሴቲንግስ» በኩል መጠን ስትቀይሩ ስክሪኑ ከጠፋ እጃችሁን ሰብስቡ። ዴስክቶፑ ማረጋገጫችሁን 20 ሰከንድ ጠብቆ ካላገኘ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በድንጋጤ ያልታየ ቁልፍ ስትጫኑ «አዎ» ብላችሁ የምታጸድቁት እናንተው ትሆናላችሁ። ከጸደቀም «ነጥብ ኮንፊግ» በሚባለው ድብቅ ፎልደር ውስጥ «ሞኒተርስ» የሚል ስም ያለው የኤክስኤምኤል ፋይል አለ። ስሙን ቀይራችሁ ወጥታችሁ ግቡ፤ የስክሪኑ አቀማመጥ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ከቴሌቪዥን ጋር አያይዛችሁ ዳር ዳሩ የሚቆረጥ ከሆነ ከቴሌቪዥኑ የምስል ሜኑ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ፈልጉ፤ ሊኑክስ ውስጥ የሚስተካከል ነገር የለም።

በዲፌንስ ቀን ከፕሮጀክተር ጋር

አዳራሽ ውስጥ መምህራን ተቀምጠው ኬብል መታገል ያደክማል፤ ስለዚህ ከቀኑ በፊት ክፍሉን ጎብኙ። ፕሮጀክተሩ ቪጂኤ ብቻ ሊኖረው ይችላል፣ የእናንተ ላፕቶፕ ደግሞ ኤችዲኤምአይ ብቻ። በመሃል የሚገባው መቀየሪያ ውስጡ ቺፕ ያለው መሆን አለበት፤ ኤችዲኤምአይ ዲጂታል፣ ቪጂኤ አናሎግ ነውና። ገበያ ላይ በሁለት ጫፍ ሁለቱ መሰኪያ ብቻ ያለው ተራ ኬብል ይሸጣል፤ ከላፕቶፕ ወደ ፕሮጀክተር ምንም አያሳልፍም። ዩኤስቢ ሲ ያላችሁም እያንዳንዱ ዩኤስቢ ሲ ምስል እንደማያወጣ እወቁ። «ዲስፕሌይፖርት» የሚባለውን አሠራር የሚደግፍ መሆኑን ከአምራቹ መግለጫ ላይ ቀድማችሁ እዩ።

ከተሰካ በኋላ ምስል ካልወጣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከፒ ጋር ተጫኑ። አንድ ዓይነት ምስል ለማሳየት «ሚረር»፣ ስክሪኖቹን ለማቀጣጠል «ጆይን» ይላል። በጆይን ከሆነ አዳራሹ ባዶ የጀርባ ሥዕል እያየ እናንተ ስላይዱን ላፕቶፑ ላይ ልታዩ ትችላላችሁ፤ የተበላሸ ነገር የለም፣ መስኮቱን ወደ ጎን ጎትቱት። የሊብረኦፊስ ማስታወሻ ያለበትን የአቅራቢ ገጽ የምትጠቀሙ ግን ጆይን ያስፈልጋችኋል። ብዙ የመማሪያ ክፍል ፕሮጀክተሮች 1024 በ768 ወይም 1280 በ800 ናቸው፤ ሚረር ሲደረግ ላፕቶፑም ወደ ጋራ መጠን ስለሚወርድ ስላይዳችሁ ላይ ትንንሽ ጽሑፍ አታብዙ።

ስላይዱን በፒዲኤፍም አድርጋችሁ በፍላሽ ያዙ። ላፕቶፓችሁ እምቢ ካለ በጓደኛ ማሽን ይከፈታል፤ የአማርኛውም የዐረብኛውም ፎንት ሳይበታተን ይወጣል።

ባለሙያ ጋ ስትሄዱ

የግድ ጥገና ቤት መውሰድ ካለባችሁ «አይሠራም» ብላችሁ አታስረክቡ። አርማው ይታያል ወይስ አይታይም፣ ከፍላሽ ሲነሳ ምን ይሆናል፣ በሌላ ሞኒተር ምን አሳየ፣ መጨረሻ አፕዴት የተደረገው መቼ ነው የሚለውን በወረቀት ጻፉ። እንደምንም መግባት ከቻላችሁም «ጆርናልሲቲኤል -ቢ -1» የሚለው ትዕዛዝ ባለፈው መነሳት የተመዘገበውን ያወጣል፤ ቀይ ሆነው የሚታዩትን መስመሮች በስልክ ፎቶ አንሷቸው። ወረቀቱ ላይ ከሁሉ በላይ «ያለ እኔ ፈቃድ ፎርማት እንዳይደረግ» ብላችሁ ጻፉ፤ ጠጋኙ ሲረከብም በአንደበታችሁ ድገሙለት። የሚቻል ከሆነ ዲስኩን አስወልቃችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ የስክሪን መብራት ለመቀየር ዲስክ አያስፈልግም።